ጸሎት የነበረች ዶቃ

እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ «ቢድ» ትባላለች። መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ዶቃ፣ ጨሌ፣ መሐሏ ተበስቶ በክር የምትሰካ ድቡልቡል ነገር የሚል ፍቺ ታገኛላችሁ። በግንባር ላይ ችፍ የሚል የላብ ጠብታም «ቢድ» ነው። በአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ጫፍ ላይ የተተከለችው የማነጣጠሪያ ፍሬም «ቢድ» ናት። ባጭሩ ነገሩ ትንሽና ክብ ከሆነ እንግሊዝኛ በዚህ ስም ለመጥራት አያመነታም። ታዲያ ከሺህ ዓመት በፊት የኖረ አንድ እንግሊዛዊ ገበሬ ከመቃብሩ ቀስቅሳችሁ ይህችኑ ቃል ብትነግሩት፣ ክብ ነገር የሚባል ጨርሶ አይታየውም። የሚታየው ጉልበቱን አጥፎ የሚለምን ሰው ነው። በእሱ ዘመን ቃሏ ጸሎት ማለት ነበረችና።

ጸሎት እንዴት ሆኖ ዶቃ ይሆናል? ከሰማይ ወደ አንገት ጌጥ፣ ከልመና ወደ ሸቀጥ የሚወስደው መንገድ የትኛው ነው? መቼም ቃል እንደ ሰው ነው፤ አገር ይለውጣል፣ ሥራ ይለውጣል፣ አንዳንዴም የወለደውን ቤት እስኪረሳ ድረስ ይከብራል ወይም ይዋረዳል። የዚህች ቃል ጉዞ ግን የአንድ ቃል ታሪክ ብቻ አይደለም። ሰው ከፈጣሪው ጋር፣ ከገንዘቡ ጋርና ከባልንጀራው ጋር ያደረገው ሒሳብ በውስጡ አለበት። እኛንም ቢሆን ሳይነካን አያልፍም። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥሩ እንጀምር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ መለመን፣ መጸለይ «ቢዳን» ይባል ነበር። ከዚያ ግስ የወጣው ስም ጸሎት ማለት ነው። ጀርመኖች ዛሬም ጸሎትን «ጌቤት» የሚሉት የዚሁ ቤተሰብ አባል ስለሆነ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ሲወጣ «ቢድ ገባ፣ ቢድ ተከፈተ» ሲባል እንሰማ የለ? በዚያ በሌላው የእንግሊዝኛ «ቢድ» ውስጥም የሁለት ጥንታዊ ግሶች ደም ተቀላቅሏል፤ አንደኛው ማቅረብና ማወጅ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ይኸው መለመን የሚለው ግስ ነው። ጨረታና ጸሎት በአንድ ጓሮ ማደጋቸውን ስሰማ ብዙም አልገረመኝም። በሁለቱም ቦታ የሚቆመው ሰው እጁን ዘርግቶ፣ ልቡ እየመታ ነው።

ጸሎት ወደ ዶቃ የተሻገረው በመቁጠር በኩል ነው። ቆጠራው ደግሞ የተጀመረው በጠጠር ነው። በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ጰላድዮስ የተባለ ጸሐፊ ስለ ግብፅ በረኸኞች በጻፈው መጽሐፍ ጳውሎስ የተባለ መነኩሴ ይገኛል። ይህ መነኩሴ በቀን 300 ጸሎት የማድረስ ሥርዓት ነበረው። እንዳይሳሳት 300 ጠጠር ሰብስቦ በእቅፉ ያኖርና አንዱን ጸሎት ባደረሰ ቁጥር አንዱን ጠጠር ይጥላል። አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ድንግል 700 ጸሎት እንደምታደርስ ሰማና ሐዘን ገባው፤ ወደ እስክንድርያዊው አባ መቃርስ ሄዶም ጭንቀቱን ነገረው። አባ መቃርስ የመለሱለት መልስ ዛሬም ከጆሮዬ አይጠፋም። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት መቶ ብቻ ነው የማደርሰው፣ ሠርቼ እበላለሁ፣ ወንድሞችንም አነጋግራለሁ፣ ሕሊናዬም አይከሰኝም፤ አንተ ሦስት መቶ አድርሰህ ሕሊናህ ከከሰሰህ ወይ በንጹሕ ልብ አትጸልይም፣ ወይም ከዚህ በላይ ማድረስ ትችል ነበር አሉት።

እንግዲህ የዶቃው ክርክር ገና ዶቃ ሳይኖር ተጀመረ ማለት ነው። የሚቆጠረው ጸሎቱ ነው ወይስ ጠጠሩ? የሮማውያን ቋንቋ ትንሿን የመቁጠሪያ ጠጠር «ካልኩሉስ» ይላታል። ተማሪ የሚያስጨንቀው የሒሳብ ትምህርትም፣ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠው ካልኩሌተርም ስማቸውን የወረሱት ከዚህች ጠጠር ነው። የመነኩሴው ጠጠርና የነጋዴው ጠጠር ከመጀመሪያውም ዘመዳሞች ነበሩ።

ጠጠር እቅፍ ይሞላል፣ ይበተናል፣ መንገድ ለሚሄድ ሰው አይመችም። ክር ላይ የተሰካ ፍሬ ግን አንገት ላይ ይንጠለጠላል። በአውሮፓ ነገሩን ያስፋፋው ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ። በገዳማቱ ዋናው ጸሎት 150ው መዝሙረ ዳዊት ነበር። ዳዊት ለመድገም ፊደል ማወቅ፣ ያውም የላቲን ፊደልና ቋንቋ ማወቅ ያስፈልጋል። በገዳሙ እርሻ የሚያርሰው፣ እንጨት የሚፈልጠው ወንድም ይህን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ በዳዊቱ ፋንታ «አባታችን ሆይ»ን ይህን ያህል ጊዜ ይበል ተባለ። ኋላም 150 ጊዜ «ጸጋን የተመላሽ ሆይ» ማለት የማይማሩ ሰዎች ዳዊት ሆነ።

አማርኛ ይህን ነገር ሳያስበው እንዴት አሳምሮ እንደሚገልጸው ተመልከቱልኝ። እኛ ማንበብ ለተማረ ሰው «ፊደል ቆጠረ» እንላለን። ዶቃ የሚንከባለልበትን ክር ደግሞ «መቁጠሪያ» እንላለን። የአውሮፓው ገበሬ ታሪክ በአማርኛ ሲተረክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ፊደል ያልቆጠረ መቁጠሪያ ቆጠረ።

እርግጥ መቁጠሪያው የድሆች ብቻ ሆኖ አልቀረም። ባለጠጎቹም ወደዱት፤ ባለጠጋ ሲወደው ደግሞ ዕንቁ ይሆናል። ራቁቷን በፈረስ ጋለበች እየተባለ የሚተረክላት የኮቨንትሪዋ እመቤት ጎዳይቫ በ11ኛው መቶ ዓመት ስትሞት፣ ጸሎቷን የምትቆጥርበትን በክር የተሰካ የከበረ ድንጋይ ለገዳሙ መናዘዟን ዊልያም ዘማምስበሪ በ1125 ገደማ ጽፏል። የፈረሱ ወሬ ተረት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የመቁጠሪያው ኑዛዜ ግን በእንግሊዝ ምድር ስለ መቁጠሪያ ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ፓሪስ ውስጥ የመቁጠሪያ ሠሪዎች ማኅበራት በሚሠሩበት ዕቃ ተከፋፍለው ነበር፤ የአጥንትና የቀንድ ሠሪው ለብቻ፣ የዛጎልና የመርጃን ሠሪው ለብቻ። ለንደን ውስጥም በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጥግ «ፓተርኖስተር ሮው» የሚባል ጎዳና ነበር፤ በአማርኛ «የአባታችን ሆይ ሰፈር» ብንለው ያስኬዳል። መቁጠሪያ ሠሪዎች ይኖሩበት ነበርና ስማቸውን አወረሱት። በኋላ የመጽሐፍ ነጋዴዎች ሰፈር ሆነ፤ በታኅሣሥ 1940 በጀርመን ቦምብ ሲነድ ያልተቆጠረ መጽሐፍ አብሮት ነደደ።

አሁን ቃሏ ስትገለበጥ እንያት። በእንግሊዝኛ አንዲት ሴት መቁጠሪያዋን ይዛ ስትጸልይ «ጸሎቷን እየቆጠረች ነው» ይባል ነበር። መቁጠር የሚለው ግስ ያኔ «ቴል» ነው፤ ባንክ ቤት ገንዘብ የሚቆጥርልንን ሠራተኛ «ቴለር» የምንለው የዚያ ትርፍራፊ ነው። እናቱ አጠገብ የተቀመጠ ሕፃን ይህን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ምን ያያል? ጸሎት አይታይም። የሚታየው በጣቷ መሐል የሚንሸራተተው ፍሬ ነው። «እናቴ የምትቆጥረው ያንን ነው» ይላል። ሕፃኑ አድጎ አባት ሲሆን ያችን ፍሬ በጸሎት ስም ይጠራታል፤ ማንም የሚያርመው የለም፣ ሁሉም እንደሱ ሰምቶ አድጓልና። ዐዋጅ አልወጣም፣ ሊቃውንትም አልመከሩም። ቃሉ ከከንፈር ወደ ጣት ወረደ፤ በቃ።

ለዚህ ያገዘ ሌላ ምክንያትም አለ። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የጌቶቹ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ከፈረንሳይኛ «ፕሬየር» የሚል ቃል ገባና የጸሎትን ወንበር ያዘ። የአገሬው ቃል ከዙፋኑ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ አልሞተም፤ ዶቃዋን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። የተሸነፈ ቃል ብዙ ጊዜ ዕጣው ይህ ነው፤ ትልቁን ሐሳብ ለእንግዳው ለቆ ትንንሽ ዕቃ ይጠብቃል። በየመሥሪያ ቤቱ ትልልቁን ነገር በባዕድ ቃል እየጠራን ለአገር ቃላችን ጓዳውንና ማጀቱን የምንተውለት እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን የቻውሰርን «የካንተርበሪ ተረቶች» ስናነብ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማቆማቸው እመምኔቷ ዘንድ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ የተጻፈው ይህ ሥራ እመምኔቷን ሲስላት ክንዷ ላይ ከትንንሽ መርጃን የተሠራ፣ አረንጓዴ ፍሬዎች ጣልቃ የገቡበት መቁጠሪያ ያንጠለጥልላታል፤ በእሱም ላይ ስለ ፍቅር የተጻፈበት የወርቅ ጌጥ። ቃሏ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ዕቃ ሆናለች። ቻውሰር እመምኔቷ ጸለየች አይልም፣ አልጸለየችምም አይልም፤ ጌጡን ብቻ አሳይቶን ዝም ይላል። የዘመኑን ትዝብት በዚያች ዝምታ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ትዝብቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዐዋጅ ሆነ። በ1538 በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ቶማስ ክሮምዌል ለቀሳውስቱ ያስተላለፈው መመሪያ፣ ሳያስተውሉና ልብ ሳይሉ ዶቃ እየቆጠሩ መደጋገምን ከአጉል አምልኮ ጋር ደመረው። በ1547 ለሙታን ነፍስ እንዲጸለይ የተተወው ሀብት ለዘውዱ እንዲገባ በሕግ ተወሰነ። በ1571 ደግሞ በኤልሳቤጥ ዘመን ከሮም የተባረከ መስቀል፣ ሥዕልና መቁጠሪያ ወደ አገር ማስገባትና ማደል በንብረት መወረስና በእስራት የሚያስቀጣ ሆነ። የክሮምዌል መመሪያ በዋናው ሐሳቡ ከአባ መቃርስ አነጋገር ብዙም አይርቅም፤ ሁለቱም ልብ የሌለበት ቁጥር ከንቱ ነው ይላሉ። ልዩነቱ አባ መቃርስ የመከሩት ሰውየውን መሆኑ ነው። መንግሥት ግን የሰው ልብ ስለማይታየው የሚታየውን ዶቃ ቀማ።

ከዶቃው ጋር አንድ የኑሮ ዘይቤም አብሮ ሄደ። «ቢድስማን» የሚባል ሰው ነበር፤ ቃል በቃል «ጸሎተኛ» ማለት ነው። ባለጸጋው መጠለያና ቀለብ ይሰጠዋል፣ እሱ ደግሞ ለባለጸጋው ነፍስ ይጸልያል። ርስቱን ለደብር ሰጥቶ ስለ ነፍሴ ዳዊት ይደገምልኝ ይል የነበረውን የእኛን ባላባት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። እንግሊዞች በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ እንኳ «ጸሎተኛዎ እከሌ» ብለው ይፈርሙ ነበር። ያ አፈራረም ሲቀር ቃሏን ከጸሎት ጋር ያያያዛት የመጨረሻው ቀጭን ክር ተበጠሰ።

ክር ሲበጠስ ዶቃ ይበተናል። ይህችኛዋ ደግሞ የተበተነችው በዓለም ሁሉ ነው። ቬኒስ ከ1291 ጀምሮ የመስታወት ምድጃዎቿን ወደ ሙራኖ ደሴት ሰብስባ ነበር። ከመስታወት ሠራተኞቹ መሐል አንዱ ወገን «ፓተርኖስትሬሪ»፣ «አባታችን ሆይ ሠሪዎች» ይባል ነበር፤ መጀመሪያ የሚያስታውሰው የመቁጠሪያን ፍሬ ነውና። ልብ በሉ፣ ጣልያንኛም በራሱ መንገድ ሄዶ እንግሊዝኛ የደረሰበት ደርሷል፤ እዚያም ጸሎት የዶቃ ስም ሆኗል። እነዚህ ፍሬዎች ግን የተሠሩት ለገዳም ብቻ አልነበረም። በጥቅምት 12 ቀን 1492 ኮሎምበስ ከመርከብ ወርዶ ለመጀመሪያዎቹ የባሕር ማዶ ሰዎች ከሰጣቸው ነገሮች መሐል የመስታወት ዶቃ እንደነበረበት ከዕለት ማስታወሻው ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት የቬኒስና የሌሎች አውሮፓ ከተሞች ዶቃ በመርከብ ተጭኖ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወረደ። ከጨርቁ፣ ከብረቱ፣ ከመዳቡ፣ ከአረቄውና ከጠመንጃው ጋር ተደባልቆ የሰው ዋጋ ሆነ። ሰው ተሸጠበት። ቃሏን ይዛችሁ ከመጣችሁበት እስከዚህ ድረስ ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ ዞራችሁ እዩት። መጀመሪያ ሰው ፈጣሪውን ማረኝ የሚልበት ቃል ነበረች። ቀጥሎ ልመናው እንዳይሳሳት የሚቆጠርበት ፍሬ ሆነች። ቀጥሎ ፍሬዋ ብቻዋን ቀረች። በመጨረሻ ማረኝ ብሎ የሚጮኽ ሰው ተገዛባት።

እዚህ ላይ ግን አንድ የቆየ ስድብ መነሣት አለበት። አፍሪካዊውና የአሜሪካ ነባር ሕዝብ በሚያብለጨልጭ ዶቃ የሚታለል ሞኝ ነበር የሚለው ወሬ። በ1871 ከዛንዚባር ተነሥቶ ሊቪንግስተንን ፍለጋ የሄደው ስታንሊ በዶቃ ምርጫ እንዴት ራሱን እንዳዞረው ጽፏል፤ በአንዱ አገር ነጩ ይፈለጋል፣ በሌላው ቀዩ እንጂ ነጩ አይነካም፤ የተሳሳተ ቀለም ይዞ የሄደ መንገደኛ እህል የሚሸጥለት ያጣል። ይህ የሞኝ ገበያ አይደለም፤ መራጭ ገበያ ነው። ማንሃተን በዶቃ ተሸጠች የሚለውም እንዲሁ ነው። በኅዳር 1626 የተጻፈው የሆላንዳዊው የስኻኸን ደብዳቤ ደሴቲቱ 60 ጊልደር በሚያወጣ ዋጋ ተገዛች ይላል እንጂ ስለ ዶቃ ያነሣው አንድም ቃል የለም። ዶቃውን የጨመሩበት በ19ኛው መቶ ዓመት የጻፉ ተራኪዎች ናቸው። ዶቃ ሲሰጥ ያልታየበት ቦታ እንኳ ዶቃ ተጨመረ፤ ለምን ቢባል፣ ተሸናፊውን ሞኝ ካደረጉት የአሸናፊው ዕዳ ይቀልላል።

እኛም አገር ዶቃ የቆየ እንግዳ ነው። አክሱም ላይ በተደረጉ ቁፋሮዎች የመስታወት ዶቃዎች ከመቃብርና ከመኖሪያ ፍርስራሽ ወጥተዋል። በቋንቋችንም ቦታ አለው። አንድ ሰው ሌላውን ገመናውን ከሥሩ አንሥቶ ሲያዋርደው «የዶቃ ማሰሪያውን ነገረው» እንላለን፤ ሕፃን ሳለህ በአንገትህ የታሰረልህን አውቃለሁ እንደማለት ይመስላል። ዶቃ መቁጠርም እንዲሁ ለገበያችን እንግዳ አይደለም። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በአገራችን ሲዘዋወር፣ ተቀባዩ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች ፍሬ በፍሬ እየተመለከተ፣ የደበዘዘ ከሆነ አልቀበልም ይል እንደነበር መንገደኞች መዝግበዋል። መነኩሴው በአንድ እጁ ፍሬ ሲቆጥር ነጋዴውም ከገበያው ዳር ፍሬ ይቆጥር ነበር ማለት ነው።

መቁጠሪያችን ግን ስሙን ያገኘው ከእንግሊዞቹ በተቃራኒ ነው። እነሱ ዕቃውን በጸሎቱ ስም ጠሩት፤ እኛ በቆጠራው። 41 እግዚኦታ የሚደርስበት፣ እመቤታችን በምድር ኖረችበት የሚባለው 64 ዓመት የሚታሰብበት ክር ስሙ እንዲያው «መቁጠሪያ» ነው። ቅን ስም ነው፤ እኔ ዕቃ ነኝ፣ ጸሎቱ ከአንተ ነው ይላል። የእስላም ወገኖቻችን «ሙስበሓ» ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ከአምልኮው ስም ወጣ፤ 99 ወይም 33 ፍሬ ያለው ይህ ክር ማመስገን ከሚለው የዐረብኛ ግስ የመጣ ነው። ያ ግስ ደግሞ በግእዝ «ሰብሐ» ነው፤ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» የሚለው ቄስና ሙስበሓውን የሚያንከባልለው ሼህ አንድ ሥር ይዘው ነው የሚያመሰግኑት። ሁለቱም ክሮች ዛሬ በታክሲ መስታወት ላይ ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ ታዩአቸዋላችሁ። ሹፌሩ ይቁጠራቸው አይቁጠራቸው የማን ነገር ነው? እኔ የቻውሰርን ዝምታ እመርጣለሁ።

እንግሊዝ በ1538 ያደረገችውንም እኛ አድርገነዋል። በኦሮሞና በአማራ እናቶች ዘንድ ከአቴቴ ሥርዓት ጋር የተያያዘ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ ጨሌ ነበር። ለማኅፀን፣ ለልጅ፣ ለከብት ይለመንበት ነበር። የቄሱም የሰባኪውም ትምህርት በዚህ ላይ አልተለያየም፤ ጨሌሽን ጣይ፣ ጨሌሽን በጥሺ ነው። ትምህርቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለው የየእምነቱ ጉዳይ ነውና አልገባበትም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያች ሴት ጨሌዋን ስትጥል የጣለችው መስታወት ብቻ አልነበረም፤ እናቷ ስለ እሷ መወለድ የለመነችበትን ልመና ጭምር ነው። ዛሬ ያው ጨሌ በሥጦታ ዕቃ መሸጫዎች ለጎብኚ ተሰቅሏል፤ ዋጋው ይጠየቃል፣ ምን እንደተለመነበት የሚጠይቅ ግን የለም። የ«ቢድ» ጉዞ በእኛ ዕድሜ፣ በዓይናችን ሥር ሲደገም እያየን ነው።

ሁሉም ግን በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። ወደ «ማተብ» ተመልከቱ። ቃሉ የወጣው «ዐተበ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ በመስቀል ምልክት ባረከ ማለት ነው፤ «አማተበ» የምንለውም ከዚያው ነው። እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ የጸሎት ድርጊት ስሙን ለአንገት ክር ሰጠ። ክሩ ግን በዕቃነት አልቆመም። «ማተብ ያለው ሰው» ስንል ክሩን ማየት አያስፈልገንም፤ ቃሉን የሚጠብቅ፣ አደራ የማይበላ ማለታችን ነው። «ማተቡን የበጠሰ» ስንልም አንገቱን አንፈትሽም፤ የከዳ፣ የማይታመን ነው። እንግሊዝኛ ከጸሎት ተነሥቶ ዕቃ ላይ ቆመ። አማርኛ ከጸሎት ተነሥቶ፣ በዕቃ በኩል አልፎ፣ ሰው ላይ ደረሰ። ልዩነቱን የሠራው የቋንቋው ብልጫ አይመስለኝም። ክሩን ያሰረው ሰው በክሩ እንዲዳኝ ጎረቤቱ አጥብቆ ስለጠየቀው ነው። ቃል ትርጉሙን የሚጠብቅለት መዝገበ ቃላት ሳይሆን፣ በቃሉ የሚይዝህ ጎረቤት ነው።

ለዚህ ነው የዕለት ሰላምታችን የሚያሳስበኝ። «ጤና ይስጥልኝ» ጸሎት ነው፤ ሰጪው ማን እንደሆነ በስሙ እንኳ ሳንጠራ የምናደርሰው። «እግዜር ይስጥልኝ» ጸሎት ነው፤ የምከፍልህ የለኝምና እሱ ይክፈልልኝ ማለት ነው። «ነፍስ ይማር» ጸሎት ነው። በቀን ስንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ እናቀባብላቸዋለን፤ ከመደጋገም ብዛት ጠርዛቸው ተሟጦ ልሙጥና ድቡልቡል ሆነዋል። ሻጩ መልስ ሲቆጥርልን እንላቸዋለን፣ ስልክ ልንዘጋ ስንል እንላቸዋለን፣ ለለማኝ ሳንሰጥ ስናልፍ ደግሞ «እግዜር ይስጥልን» እንላለን። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብደኛል። ሰውየው እጁን ዘርግቶ የሚለምነው እኛን ነው፤ እኛ ጸሎቱን በዶቃ ዋጋ ጥለንለት እናልፋለን።

ቁጥሩን ቀንሱ የምል እንዳይመስላችሁ። አባ መቃርስም ጳውሎስን ጠጠሩን ጣል አላሉትም። ሕሊናህ ምን ይልሃል ብቻ ነው ያሉት። ነገ ጠዋት ጎረቤታችንን ጤና ይስጥልኝ ስንል ጤና አጥቶ እንደሆነ ቆም ብለን ብናየው፣ ያች ድቡልቡል ቃል ከውስጧ የሚሰማ ነገር ይኖራታል።